በሩ ላይ የምትቆመው ሴትዮ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት የዓይንሽን ነገር ንገሪኝ። ሐኪሙ የቀየረልሽን ጠብታ ያቃጥላል ብለሽ ትተሽዋል የሚል ወሬ ደርሶኛል። ከማን እንደሰማሁ አልናገርም፤ ብቻ ወንድም ጋሼ ቤት እየኖርሽ ምሥጢር ይጠበቅልኛል ብለሽ ካሰብሽ ወንድማችንን ገና አታውቂውም ማለት ነው። እኔ ለክፉ አልሰጥም፣ ፈጣሪ ይመስገን። ወገቤ አልፎ አልፎ ይይዘኛል እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ። ከአካሌ ይልቅ የታመመው ሆዴ ነው፤ እሱን እየቆየሁ እነግርሻለሁ።

የጻፍኩልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው። ስልክ ሲጮህ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይቻላል፤ ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ሲያነብልሽ ግን ጆሮሽን ይዘሽ ከክፍል አትወጪም ብዬ ነው። አንቺ የምታነቢላት የወንድማችን ሚስት፣ አንቺንም ከነልጆችሽ በጤና ያቆይልን። እባክሽ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላት። ቁጣ ያለበት ቦታ ስትደርሺ ድምፅሽን አታለስልሺ፤ ቁጣዬን ታውቀዋለች፣ ካልሰማችው የጻፍኩት እኔ መሆኔን ትጠራጠራለች። በሰው አፍ የሚነበብ ደብዳቤ መሆኑን ስለማውቅም አንዳንዱን ነገር ሳልጽፈው አልፋለሁ። እትዬ ያለፍኩትን ራሷ ታገኘዋለች።

ቤቱ እንዳለ ነው። ክፍልሽን በየሳምንቱ አስጠርጋለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ያ ሲጥ ሲጥ የሚል ቁም ሳጥንሽ ዛሬም ማንም ሳይነካው በራሱ ይከፈታል። ትምህርት ቤቱን ደግሞ ቀለም ቀብተነዋል። አንደኛ ክፍል ሰማያዊ ሆኗል፣ የእጅ መታጠቢያው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል፣ የሙዚቃ መምህሯ አግብታለች። ዘበኛችን አባባ ቁልፍ በጣም ሰላም ይልሻል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጠዋት በሩን ይከፍትና ጎጆው ውስጥ ገብቶ ሬዲዮውን ይጎረጉራል። ለምን ውጭ አትቆምም ስለው፣ ቦታው የሰው ነው ይለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባታችን በተወልን ቤት አንቺና እኔ የከፈትነው ትምህርት ቤት ሊዘጋብን ነው። ሊዘጋብን ነበር ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ነበር የምትለዋን ቃል ሰሞኑን ጠልቻታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተማሪው ቁጥር እያደር ሳሳ። አንደኛ ክፍል ግማሹ ወንበር ባዶውን ከረመ። ከማዶ ባለው ፎቅ የገባው አዲሱ ትምህርት ቤት ነው ልጆቻችንን የነጠቀን እያልኩ ስፎክር ቆየሁ፤ ነገሩ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ድሮ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲፈልግ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱ ደግሞ አንቺን ያውቃል። ዛሬ ወላጅ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም ኤአይ የሚሉት አንድ የሚያወራ ማሽን አለ። ልጄን የት ላስገባት ብለሽ እንደ ሰው ስትጠይቂው እንደ ሰው ይመልስልሻል። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ይጠራል፣ ወላጅም ከነዚያ አንዱን መርጦ ይሄዳል። ያልተጠራውን ማንም አያስበውም። ለአንቺ ይህን ማስረዳቴም ሞኝነት ነው፤ ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ ስልክሽን በአፍሽ ማዘዝ እንደለመድሽ፣ አንቺ ስትናገሪ እሱ እንደሚጽፍልሽ ወንድም ጋሼ አጫውቶኛል።

እና አንድ ቀን እንደ ልማዴ ቅንድቤን ቁልቁል ጥዬ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ የሂሳብ መምህሩ አንዲት ልጅ ይዞልኝ መጣ። የእህቱ ጓደኛ ናት። ሥራዋ የግል ትምህርት ቤቶች በዚህ ማሽን ዘንድ እንዲታወቁ፣ ወላጅ ሲጠይቅ ስማቸው እንዲነሳ ማድረግ ነው። አባባ ቁልፍ ይህን ሲሰማ የማሽኑ አማላጅ ብሎ ስም አወጣላት፤ እስከዛሬም በዚያው ነው የምንጠራት። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ሻይዋን ረስታው ሲቀዘቅዝ በአንድ ትንፋሽ የምትጨልጥ ልጅ ናት። ትወጃት ነበር። ይኸው፣ ነበር አልኩ።

መጀመሪያ ቀን ወንበሯን ወደ እኔ ጎትታ ስልኩን እንደ እናት ሆና ጠየቀችው። አዲስ ሰው የምትፈራ ልጅ አለችኝ፣ በዚህ ሰፈር የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላታል አለችው። ማሽኑ ባለ ፎቁን ጠራ፣ ሌላም ሁለት ጨመረ፣ እኛ የለንም። ቀጥላ በስማችን ስትጠይቀው የመኪና መንጃ ማሠልጠኛ ናቸው ብሎ አረፈው። ስልኩን ከእጇ ነጥቄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ ያስተማርነው መሪ አስይዘን ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝና ልክ ነዎት አለኝ። እንዲህ ቶሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ፍጡር በእኛ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም።

ጥፋቱ የእኛው ነው አለችኝ ልጅቷ። ድረ ገጻችን ፎቶ ብቻ ነው። ስለ ክፍሎቹ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ መምህራኑ የጻፍነውን ሁሉ ፎቶው ላይ ነው የለጠፍነው፣ ማሽኑ ደግሞ እሱን በወጉ አያነበውም። ስልክ ቁጥራችን አንዱ ቦታ አንድ ነው፣ ሌላው ቦታ ሌላ። ማዞሪያው ጋ ስማችንን የሚጋራ የመንጃ ማሠልጠኛ ስላለ፣ ስለ እኛ የሚያነበው ሲያጣ የእሱን አንስቶ ለእኛ ሰጠን። ያን ሁሉ አንድ በአንድ አስተካከለች። ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝና ስለ ትምህርት ቤትሽ ጻፊ አለችኝ። እኔም ተዝናንቼ፣ ትምህርት ቤታችን ብቁ፣ ንቁና በሥነ ምግባር የታነጸ ትውልድ ለማፍራት ሌት ተቀን ይተጋል ብዬ ጀመርኩ።

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ የሌሎቹን ትምህርት ቤቶች ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። እትዬ፣ ሁሉም ብቁ ናቸው፣ ሁሉም ንቁ ናቸው፣ ሁሉም ሌት ተቀን ይተጋሉ፤ የሚተኛ ትምህርት ቤት የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ካለ ማሽኑ አንዱን ከሌላው የሚለይበት የለውም አለችኝ። ወላጅ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጻፊ፣ ከሥሩ መልሱን በአጭሩና በእውነቱ አስቀምጪ አለች። እያለቀሰ የመጣን ልጅ ማን ያባብለዋል? ምሳውን ያልበላ ልጅ ምን ይደረጋል? ማንበብ የዘገየበትን ማን ያስጠናዋል? እነዚህን መለስኩ። መጨረሻ ላይ፣ እናንተ ጋ ብቻ ያለ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ምንድን ነው አለችኝ። መልሱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና ስለ እጅ መታጠቢያው ጻፍኩ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት የማሽኑ አማላጅ እየሮጠች መጥታ ተጠራችሁ አለችኝ። ያቺኑ የመጀመሪያዋን ጥያቄ፣ አዲስ ሰው ስለምትፈራው ልጅ፣ ደግማ ጠይቃው ማሽኑ መጀመሪያ የጠራው እኛን ነው። በደስታ ጠረጴዛውን መታሁት። ለምን እንደመረጠን ስታነብልኝ ግን እጄ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በዚህ ትምህርት ቤት በየጠዋቱ በሩ ላይ የምትቆም ሴትዮ አለች፣ እያንዳንዱን ልጅ በቁልምጫ ስም ጠርታ ትቀበላለች፣ ትምህርት ቤት ለሚፈሩ ልጆች ጥሩ ነው ይላል። ልጅቷ ደግሞ ምንም ሳታውቅ፣ ይህን የመሰለ ነገር እያላችሁ እንዴት ስለ መታጠቢያ ትጽፊልኛለሽ ብላ ተቆጣችኝ።

ከየት አመጣው ብለን ፈለግን። እኔ ከጻፍኩት አይደለም። ካርታው ላይ፣ ትምህርት ቤታችን ከሚታይበት ሥር፣ ሰዎች አስተያየት የሚተዉበት ቦታ አለ። እዚያ አንድ ሰው ስሙን ሳይናገር ይህን ትቶ ሄዷል፤ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ።

«ይህ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው በሩ ላይ የምትቆመው ሴትዮ እያንዳንዱን ልጅ በቁልምጫ ስም ነው የምትጠራው አንዱን ጭራሮዬ ነው የምትለው አንዷን ድምቡሼ አንዱን አቶ ጥያቄ የምታኮርፈዋን ደግሞ ቅንድቤ ነው የምትላት እያለቀሰ የመጣ ልጅ በሩን ካለፈ በኋላ ሲያለቅስ አይሰማም»

አንድ ነጥብ የለውም፣ አንድ ሰረዝ የለውም። ይህን የተወው ሰው በጣቱ አልጻፈውም፣ ለስልኩ ተናግሮ ነው ያስጻፈው አለች የማሽኑ አማላጅ። ይሆናል አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሰው መምጣት ጀመረ። ስልኩ ይጮሃል፣ በሩ ይንኳኳል። ምዝገባ ከተከፈተ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ሞልቷል፣ ሁለተኛም ሊሞላ ነው። የሚመጣው ወላጅ ሁሉ ግቢውን ሳያይ፣ ክፍሉን ሳያይ፣ ያቺ ሴትዮ የታለች ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈቃድ ላይ ናት አልኩ። አባባ ቁልፍ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ነርስ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ድምጿ ትንሽ ሻካራ ነው። በፊት በነበረችበት ትምህርት ቤት አንዱ አስተማሪ ክፍል ፊት ድምጿን አስመስሎ አሳቀባት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት ውጭ አንድ ቃል አትተነፍስም። ቤት ስትገባ ግን በእናቷ ጆሮ ታንሾካሹካለች። እናትየው ማሽኑን ጠይቃ መልሱን ድምፅ አውጥታ ስታነብ ልጅቷ ሰምታለች። ከዚያ ጀምሮ ማታ ማታ፣ እኔንስ ምን ትለኛለች ትላታለች አሉ። ራሷም ታወጣለች። ወፌ ትለኝ ይሆን? ሻካሬ ትለኝ ይሆን? ሻካሬ ካለችኝ ግን እየሳቀች መሆን አለበት ብላለች።

በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ የእናቷን እጅ ለቀቀችና ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። አባባ ቁልፍ ያንቺን ወንበር አውጥቶ ተቀመጪ ቢላት ራሷን ነቀነቀች። እኔ ከቢሮዬ መስኮት አያታለሁ። ኋላ ቢሮ ገብተው እናትየው ስትጠይቀኝ፣ እዚያች ልጅ ፊት ፈቃድ ላይ ናት ማለት ምላሴ እምቢ አለኝ። እህቴ ናት፣ እዚህ ነበረች፣ አሁን የለችም አልኩ። ልጅቷ አላለቀሰችም። የለቀቀችውን የእናቷን እጅ መልሳ ያዘች፣ በቃ። እትዬ፣ አንጀቴን በላችው።

ነርሷ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የዋሸኝ ማነው፣ ስልኩ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ አለችኝ ረጋ ብላ። ልጄን ከመዝገብ አላስወጣትም አለች። ትምህርት የሚጀመር ቀን ጠዋት ይዣት እመጣለሁ፤ በሩ ላይ የሚቀበላት ሰው ካለ ትገባለች፣ ከሌለ እዚያው አዙሬ እመልሳታለሁ፣ ልጄ ሁለተኛ አትታለልም አለች። ይህን ብላኝ ወጣች። ትምህርት የሚጀመረው በሚመጣው ወር መባቻ ነው።

ለማሽኑ አማላጅ ሁሉንም ነገርኳት። ጥፋተኛ ፍለጋ አልገባችም። ማሽኑ አስቦ አይዋሽም፣ ያነበበውን ይደግማል አለችኝ። አስተያየቱ ትቆማለች ስላለ ትቆማለች ብሎ አመነ። ስለዚህ እናርመዋለን፤ በገጻችን ላይ አንዲት መስመር እንጨምራለን፣ ልጆቹን በቁልምጫ ስም ትቀበል የነበረችው መምህርት አሁን በሥራ ላይ አይደለችም ብለን። አስተያየቱም ይነሳልን ብለን ማመልከት እንችላለን አለች። ያን አስተያየት እንዳትነኪው አልኳት፣ ካሰብኩት በላይ ጮኼ። ደነገጠች። ይቅርታ ብዬ ሻይ አስመጣሁላት፣ እሱንም ረሳችው።

መስመሯን ግን ልጻፋት ብዬ ተቀመጥኩ። እውነት ናት፣ ለወላጆቹም ይገባቸዋል። ልጆቹን በቁልምጫ ስም ትቀበል የነ… ላይ ደርሼ ቆምኩ። አጠፋሁት፣ እንደገና ጀመርኩ፣ እዚያው ላይ ቆምኩ። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ማስታወቂያ የጻፈች እጅ አንዲት ነበር መጻፍ አቃታት። የማሽኑ አማላጅ ከጀርባዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ ወይ ገጹን አስተካክዪው ወይ በሩን አስተካክዪው፣ ሁለቱንም ትቶ መቀመጥ ግን የለም አለችኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ደፋር አልነበርኩም።

ስለ በሩ ከተነሳ፣ ያን ቀን ሳናነሳው አናልፍም። የምታነቢላት፣ ቁጣው ያለው እዚህ ነው፤ ጠንከር በይ። እትዬ፣ ያን ከሰዓት አንዱን ልጅ አባቱ የመጣ መስሎሽ ለአጎቱ አስረክበሽ ሸኘሽው። የአጎቱ ድምፅ ከአባቱ ድምፅ አይለይም፣ እውነትሽን ነው። ልጁም አጎቱን ወዶ እየፈነደቀ ነው የሄደው፣ ክፉም አልደረሰበትም። ግን አባትየው መጥቶ ልጄ የታለ ሲለኝ፣ አንቺም ለአንተው ሰጠሁህ እኮ ስትዪው፣ ልጁን ፍለጋ ወደ መንገድ ሮጥኩ። እኔ ያንቺ ታናሽ ብቻ አይደለሁም፣ የዚያ ግቢ ኃላፊ ነኝ። ልጁ እስኪገኝ ድረስ ያሳለፍኩትን ጠላቴ አይለፍበት። ነገም ቢሆን የከሰዓቱን በር እወስድብሻለሁ። በዚህ አልጸጸትም፣ ተጸጸትኩ ብልሽም ውሸት ነው።

የሚቆጨኝ ጠዋቱን አብሬ መውሰዴ ነው። መምህራኑ ፊት ዓይንሽ ደክሟልና ቢሮ ግቢ ማለቴ ነው። አንቺም፣ እኔ በዓይኔ ነው እንዴ የማውቃቸው ብለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርሽ። እውነትሽን ነበር። ጠዋት የሚገባውን ልጅ በእግሩ ኮቴ፣ በቦርሳው ኳኳታ፣ በአፍንጫው መሳብ ለይተሽ ስትጠሪው ስንቴ ሰምቻለሁ። ከዚያ ልብስሽን ሰብስበሽ ወንድም ጋሼ ቤት ገባሽ። እኔም ኩራቴ ይዞኝ ተመለሺ አላልኩም። ትመለሳለች ብዬ ነበር።

ያንቺ ቦታ ባዶ ከሚቀር ብዬ ያን ሰሞን እኔው በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አትሳቂ። ልጆቹ እኔን ገና ከሩቅ ሲያዩ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከታሉ። አንዱን ፊት ጥርሱ የወለቀበትን ልጅ ቁልምጫ ላውጣለት ብዬ ጥርሴ አልኩት። እስከ ዕረፍት ድረስ አለቀሰ። በማግስቱ እናቱ መጥታ ልጄ በጥርሱ ተሰደበ ብላ አቤት አለችኝ። አንቺ ብትዪው ኖሮ ቀኑን ሙሉ ክፍተቱን ለጓደኞቹ እያሳየ ይውል ነበር። አንድ ስም በአንቺ አፍ ቁልምጫ ሆኖ በእኔ አፍ ስድብ የሚሆንበት ምክንያት እስከዛሬ አልገባኝም። ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ስለዚህ የምልሽን ስሚኝ። የከሰዓቱ ርክክብ ላንቺ የለም፣ በዚህ አልደራደርም። ፎቶ ያለበት የመረከቢያ ካርድ አሠርተናል፣ ካርድ ያልያዘ አባትም ይሁን አጎት ልጅ አይወስድም፣ ሁለት መምህራን ቆመው ያረጋግጣሉ። ጠዋቱ ግን ያንቺ ነው። ጠዋት ልጅ ይመጣል እንጂ አይሄድም። አባባ ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ አንቺ ትጠሪያለሽ። ወላጆቹንም አላታልልም፤ የእህቴ ዓይን ደክሟል፣ ልጆቻችሁን የምታውቃቸው በጆሮዋ ነው ብዬ በገጻችን ላይ በግልጽ እጽፋለሁ። የማሽኑ አማላጅ ይህን ስነግራት፣ ይህን የመሰለ እውነት ያለው ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም አለች። ቢያንስ በዚህ መስመር ነበር የሚባል ቃል የለበትም።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። የማሽኑ አማላጅ ነገር መፈልፈል ትወዳለች። አስተያየቱ ውስጥ የተጠሩት ልጆች እነማን ናቸው፣ ቤተሰቦቻቸውን ላናግር አለችኝ። ጭራሮዬ የሚባለው አሁን ረጅም ሆኖ መሐንዲስነት ይማራል አልኳት። ድምቡሼ የጫማ ነጋዴው ልጅ ናት። አቶ ጥያቄ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ዛሬም ይጠይቃል። ያቺ የምታኮርፈዋስ ማን ናት አለችኝ። እዚህ ትምህርት ቤት እንዲህ ተብላ የተጠራች ተማሪ አላውቅም አልኳት። ይህም ሐሰት አይደለም። ታዲያ አስተያየቱን የጻፈው ሰው ከየት አመጣው ብላ ድርቅ ስትልብኝ፣ መስኮቱን ልዝጋ ብዬ ተነሳሁ። ፊቴን እንድታይብኝ አልፈለግኩም።

ወንበርሽን አባባ ቁልፍ አጥቦ ፀሐይ ላይ አድርቆታል። አንድ እግሩ ይወላገድ አልነበር? ጠግኖታል። ያቺን መስመር አልጻፍኳትም፣ ያን አስተያየትም ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። የነርሷ ልጅ ደግሞ ስሟን እየጠበቀች ነው፤ እኔ የማወጣላት ስም የለኝም፣ ባወጣም ታለቅሳለች። ስልክሽን ማንሳት ካላሰኘሽ አታንሺ። ለወንድም ጋሼ ንገሪው፣ እሱ ለእኔ ለመንገር ቀን አይፈጅበትም።

እስከዚያው ጠብታሽን አታቋርጪ፣ ቢያቃጥልም ታገሺው። እናታችን ስትሸኘን ትል እንደነበረው፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፣ የጠራሽው ሁሉ አቤት ይበልሽ። የወንድማችንን ቤት ፈጣሪ ይባርክ፣ አንቺን የያዙበት እጃቸው አይድከም። ወንድም ጋሼን እጅ ንሺልኝ። አንቺ የምታነቢላት፣ ውለታሽ አለብኝ፤ ደብዳቤው አለቀ ብለሽ እንዳትተዪው፣ ፊርማዬንም ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ታናሽ እህትሽ፣
ቅንድቤ